«የነርቭ በሽታ ይዞኛል» ለሚል ሰው ምን እንመልስ?

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ችግር በክሊኒካችን ደጃፍም ሆነ በጉባኤያችን መካከል ዘወትር የሚገጥመን ሲሆን፣ ስሙን ጠርተን የምንነጋገርበት ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ይኸውም አንድ ሰው በሰውነቱ ላይ መጠነኛ ነገር ሲሰማው፣ «ይህ የአንጎል ወይም የነርቭ በሽታ ነው፤ ሽባ ያደርገኛል፤ ልጆቼን ሳላሳድግ ይገድለኛል» ብሎ የሚፈራው፣ ተመርምሮ ደኅና ነህ ከተባለ በኋላም የማይለቀው ፍርሃት ነው። ጽሑፉን የጤና ሠራተኞች፣ የፕሮጀክት ሠራተኞችና የጉባኤ ሽማግሌዎች አብረው እንዲያነቡት እንመክራለን። ምክንያቱም አንዱ ወገን የሠራውን ሌላው ወገን ሳያውቅ ሊያፈርሰው ይችላል።

በአንድ ታሪክ እንጀምር። ታሪኩ የደረሰበት ወንድም እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ስሙንና ቦታውን ግን ትቼዋለሁ።

ይህ ወንድም የእህል መጋዘን ሠራተኛ ነው። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆን ባለ ትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነው። እርዳታ በሚከፋፈልበት ወቅት ሦስት ሳምንት ሙሉ ከንጋት እስከ ማታ ኩንታል ሲያስጭንና ሲያስራግፍ ከረመ። ሌሊት ደግሞ የገቢና የወጪውን ሒሳብ ስለሚያመሳክር እንቅልፉን በቡና ያባርር ነበር። አንድ ማታ ጋደም ባለበት የግራ እግሩ ባት ከቆዳው ሥር ርግብ ርግብ ሲል ተሰማው። በማግሥቱም አልተወውም። ከከተማ የመጣ የእኅቱ ልጅ በስልኩ ፈልጎ፣ ጡንቻን የሚያርገበግብ፣ ቀስ በቀስ የሚያሽመደምድና ፈዋሽ መድኃኒት የሌለው በሽታ እንዳለ አነበበለት። ከዚያች ማታ ጀምሮ የዚህ ሰው ሐሳብ ከባቱ አልወጣም።

ወደ ክሊኒካችን መጥቶ፣ «ሲስተር፣ እባክዎ ይዩኝ» አለ። አየሁት። ጉልበቱ ሙሉ ነበር፤ በተረከዙም በጣቶቹም ይራመዳል፤ የሁለቱ እግሮቹ ውፍረት እኩል ነው። እኔም ብዙ በሽተኛ ደጅ ይጠብቀኝ ስለነበር፣ «ይህ እኮ ነርቭ ነው፤ አትጨነቅ፤ ምንም የለህም» ብዬ የቪታሚን እንክብል ሰጥቼ ሰደድኩት።

በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሦስት ስሕተት መሥራቴን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት «ነርቭ» የምትለዋ ቃል ናት። በአገራችን ይህች ቃል ሁለት ሸክም ተሸክማለች። አንድ ሰው ሲበሳጭ፣ ሲጨነቅ ወይም እንቅልፍ ሲያጣ «ነርቭ አለበት» እንላለን፤ ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ወጥቶ ጡንቻን የሚያንቀሳቅሰውንም ሥር እንዲሁ ነርቭ እንለዋለን። እኔ «ነርቭ ነው» ስል «ጭንቀት ነው» ማለቴ ነበር፤ እሱ ግን የሰማው ፍርዱን ነው። ሁለተኛው ስሕተት «ምንም የለህም» ማለቴ ነው። ሰውየው ባቱ ሲርገበገብ በዓይኑ እያየ ምንም የለህም ማለት፣ ወይ ውሸታም ነህ፣ ወይም እኔ አላወቅሁም ማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ እንክብሉ ነው። በሽታ የለም ብሎ መድኃኒት የሚሰጥን ሰው ማን ያምናል?

በዚያው ወር ይህ ወንድም አራት ጊዜ ተመልሶ መጣ። ከዚያ በኋላ መምጣቱን ሲተው ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ። እሱ ግን ከጥማድ በሬው አንዱን ሸጦ አዲስ አበባ ሄዶ ኖሯል። እዚያ ራሱን በኤም.አር.አይ. አስነሣ፤ ውጤቱም ንጹሕ ነው ተባለ። ባለቤቱ እንደነገረችኝ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደስታ በደስታ ሆነ። በዐሥረኛው ቀን ሌሊት ግን ቀስቅሷት፣ «የተነሣው ራሴ ነው፤ የሚርገበገበው ግን እግሬ ነው» አላት። ደግሞም ሞኝ አልነበረም፤ የፈራውን በሽታ የራስ ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ አያሳየውም። በሬው ግን አንድ ቀረ። በእርሻ ወቅት እሷ ከጎረቤት ጋር መከናጆ ገብታ፣ የሰው ተራ እስኪያልቅ ጠብቃ፣ ዘግይታ አሳረሰች። አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለውን ፍርሃት «የጥጋብ በሽታ» ይለዋል። የዚያን ዓመት የዚያን ቤት ጎተራ ያየ ሰው እንዲህ አይልም።

አሁን ስለ በሽታው ራሱ እንነጋገር። በሐኪሞች ዘንድ ኤ.ኤል.ኤስ. ይባላል። የፈረንሳዩ ሐኪም ዣን ማርታን ሻርኮ እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ በጽሑፍ ገልጾታል። በአሜሪካ ደግሞ በሽታው እ.ኤ.አ. በ1939 በታወቀውና በ1941 በሞተው የቤዝቦል ተጫዋች በሉ ጌሪግ ስም ይጠራል። ጡንቻን የሚያዝዙት ነርቮች አንድ በአንድ እየሞቱ ይሄዳሉ፤ ትእዛዝ ያጣው ጡንቻም ይዝላል፤ ይመነምናል። አብዛኛው ታማሚ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚኖረው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ነው፤ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ስቲቨን ሆኪንግ ግን እ.ኤ.አ. በ1963 ታውቆበት እስከ 2018 ኖሯል። እንግዲህ የሚያስፈራ በሽታ አይደለም ብለን አንዋሽም። ነገር ግን ብርቅ በሽታ ነው። በደንብ በተቆጠረባቸው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በዓመት ከመቶ ሺህ ሰው ሁለት ያህሉን ነው የሚይዘው።

እንዴት ይጀምራል? በአብዛኛው በድካም ይጀምራል፤ ይህም «ዛሬ ሰውነቴ ከበደኝ» የሚባለው ድካም አይደለም። ቁልፍ ማዞር ያቅታል፤ ቁልፍልፍ መቆለፍ ያቅታል፤ እግር እየተጎተተ ድንጋይ ይመታል፤ በአንዳንዶች ምላስ ይተሳሰራል ወይም ምራቅ መዋጥ ያስቸግራል። ከቀን ወደ ቀን ሳይሆን ከወር ወደ ወር ይብሳል፤ ጡንቻውም ሲከሳ በዓይን ይታያል። መርገብገቡ ያለው ከዚህ ሁሉ ጋር ነው። ጉልበት ሳይቀንስ፣ ጡንቻ ሳይመነምን፣ መርገብገብ ብቻውን ሲመጣ ግን ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቡና መብዛት፣ ከባድ የጉልበት ሥራ ወይም ጭንቀቱ ራሱ ነው። የዓይን ቆብ ሲርገበገብ አያቶቻችን እንግዳ ሊመጣ ነው ወይም ወሬ ልሰማ ነው ይሉ እንደነበር አስታውሱ። ከልጅ ልጆቻቸው ይልቅ በዚህስ እነሱ ተረጋግተው ነበር።

በአሜሪካ የሜዮ ክሊኒክ ሐኪሞች እንዲህ ዓይነት መርገብገብ ብቻ የነበረባቸውን 121 ሰዎች ከሁለት እስከ ሠላሳ ሁለት ዓመት ለሚደርስ ጊዜ ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1993 አሳትመዋል። ከእነዚያ ሁሉ መካከል ወደዚያ በሽታ የተሻገረ አንድም ሰው አላገኙም። የሚገርመው ደግሞ በዚህ ፍርሃት ከሚያዙት መካከል ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች መብዛታቸው ነው፤ የአውስትራሊያ የነርቭ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጽሑፍ በሐኪሞች ላይ ለሚታየው ለዚህ ፍርሃት የራሱን ስም እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስለዚህ ፍርሃቱ የመሃይምነት ምልክት አይደለም። ግማሽ ዕውቀት፣ አንዳንዴም ሙሉ ዕውቀት፣ ያባብሰዋል።

ፍርሃቱ እንዴት ራሱን እንደሚመግብ ለዚያ ወንድም ያስረዳሁት በገዛ ሥራው ነበር። «ዛሬ ማታ ሌባ ይመጣል ተብሎ የተነገረው የመጋዘን ዘበኛ አይጥ ብታልፍ ይሰማል ወይስ አይሰማም?» አልኩት። «ይሰማል» አለ። «አይጧስ ትናንት አልነበረችም?» አልኩት። ዝም አለ። ሰውነታችን ሌሊትና ቀን ይንጫጫል፤ ሆድ ይጮኻል፤ ልብ ይዘላል፤ ጡንቻ ይርገበገባል። ጆሮ ካልሰጠነው አንሰማውም። የፈራ ሰው ግን ጆሮ ይሰጣል። ፍርሃቱም በተራው ሰውነትን ያስደነግጣል፤ ጡንቻ ይወጠራል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። ትንፋሽም ይፈጥናል፤ አየር ከመጠን በላይ ሲወጣና ሲገባ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ጣቶችና ከንፈር ዙሪያ መደንዘዝና እንደ ጉንዳን መውረር ይጀምራል፤ ራስም ይዞራል። በሽተኛውም፣ «ይኸው ወደ እጄ ተዛመተ» ይላል። በዚህ ላይ ራሱን ይፈትናል። የእኛ ወንድም በቀን ሠላሳና አርባ ጊዜ በአንድ እግሩ እየቆመ ተረከዙን ያነሣ፣ በመስተዋትም ምላሱን ያይ ነበር። በቀን አርባ ጊዜ የተፈተነ ባት ይደክማል፤ የደከመ ባት ደግሞ ይርገበገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋውና እኛን ረዳቶቹን የሚመለከተው ግን ጥየቃው ነው። ባለቤቱን በየሌሊቱ፣ «እግሬ የከሳ ይመስልሻል?» ይላታል። እሷም፣ «ኧረ አልከሳም» ትለዋለች። አንድ ሰዓት ያህል ያርፋል፤ ከዚያ እንደገና ይጠይቃል። ሂላሪ ዋርዊክና ፖል ሳልኮቭስኪስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ባለሙያዎች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ይህን ነገር አጥርተው አሳይተዋል፤ ተደጋግሞ የሚሰጥ ማጽናኛ ፍርሃቱን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ሰውየው ያለ ማጽናኛ መዋል እንዳይችል ያደርገዋል። በሬ የተሸጠበት ኤም.አር.አይ.ም ውድ ማጽናኛ ነበር እንጂ ሌላ አልነበረም። ዘጠኝ ቀን ብቻ አገለገለ።

እንግዲህ ዝም ብለን እንተወው? አይደለም። በመጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ በጥንቃቄና በእርጋታ መመርመር ይገባል። በተለይ በእኛ አገር ነርቭን በእውነት የሚጎዱና ቶሎ ሲደረስባቸው የሚታከሙ በሽታዎች አሉና በጭንቀት ስም እንዳናልፋቸው። ቆዳው ላይ ገርጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነካ የማይሰማ ምልክት ካለ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ ይፈውሳልም። ለሳንባ ነቀርሳ አይሶናያዚድ የሚወስድ ሰው እግሩን ካቃጠለውና ካደነዘዘው ቪታሚን ቢ6 ያስፈልገዋል። እርዳታ በምናከፋፍልባቸው ወረዳዎች ደግሞ ጓያን ጠይቁ። ሌላ እህል ሲጠፋ ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሊገትርና መራመድ ሊያቅተው ይችላል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በደምቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በወሎ ብዙ ሰዎች በዚህ ተጎድተዋል። በዚህስ ላይ ፍርሃት ተገቢ ነው፤ መከላከያውም ሌላ እህል በወቅቱ ማድረስ ነው። ፊቱ በድንገት የተጣመመ፣ አንድ ወገን ክንዱ የወደቀ፣ ንግግሩ የተሳሰረ ሰው፣ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ የጣለው ሰው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ጉልበቱ ከወር ወደ ወር የሚቀንስ፣ ጡንቻው የመነመነ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰውም ይላክ። እነዚህ ከሌሉና ምርመራው ደኅና ከሆነ ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ምርመራ የሚጨምረው ወጪና ጥርጣሬ ነው።

ያ ወንድም ከአዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ አንድ ቀን ባለቤቱ ብቻዋን መጣች። «ሲስተር፣ "ሽባ ሆኜ ከምተኛባችሁ አስቀድሜ ብሞት ይሻላል" ይለኛል» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት፣ በዚህ ዓይነት የበሽታ ፍርሃት መያዛቸው በሐኪም የተመዘገበ ከ4 ሺህ በላይ ሰዎችን ከሌሎች ጋር አነጻጽሮ፣ በአማካይ አምስት ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱና ራሳቸውን በማጥፋት የሚሞቱትም ከሌሎች አራት እጥፍ ያህል እንደሚሆኑ አሳይቷል። «ፍርሃት ብቻ ነው» የምንለው ነገር ይገድላል ማለት ነው። ስለዚህ ሰውየውን አስጠርቼ በቀጥታ ጠየቅሁት፤ «ራስህን ለመግደል አስበህ ታውቃለህ?» ጥያቄው ሐሳቡን ያስገባበታል ብላችሁ አትፍሩ። አለቀሰ፤ ማሰቡን ግን እስካሁን ያደረገው ነገር እንደሌለ ነገረኝ። በዚያው ሳምንት በአቅራቢያችን ባለው ሆስፒታል ወደሚሠራ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አብሬው ሄድኩ። ሐኪም ቤቱን ማሳየት ብቻ አይበቃም፤ አብሮ መሄድ ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር የሚያስደንቅ አይደለም። አስቀድሜ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «ነርቭ ነው ያልኩህ ተሳስቼ ነው፤ ባትህ በእርግጥ ይርገበገባል፤ መርገብገቡ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን አንተ የምትፈራው አይደለም» አልኩት። ቀጠሮም ሰጠሁት፤ ቢያመውም ባያመውም በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ይመጣል፤ በመካከል ግን አይመጣም። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ዋናው ነገር ግን እርሱ ነው። ሰው ሐኪሙን ለማየት መታመም እንደሌለበት ሲያውቅ ሰውነቱን መመርመሩን ይቀንሳል። ስለ ባቱ ለሚጠይቃት ጥያቄ ባለቤቱ አንድ መልስ ብቻ እንድትመልስ ሦስታችንም ተስማማን፤ «ይህን ሰኞ ለሲስተር ንገራት፤ አሁን ና ቡና አጣጪኝ» እንድትል። (ቡናው ግን ከስኒ ስኒ ተቀንሶ ከሰዓት በኋላ ጨርሶ ቀረ።) ተረከዝ የማንሣቱን ፈተና በአንድ ቀን አላስቆምነውም፤ በመጋዘኑ ደብተር ጀርባ ስንት ጊዜ እንደፈተነ በእንጨት ምልክት ይጽፍ ነበር፤ ከአርባ ወደ ሃያ፣ ከሃያ ወደ አምስት ወረደ። አንዱን ሳምንት ወደ ሃምሳ ወጣ፤ ያን ሳምንት የጎረቤቱ አባት በደም ግፊት ወድቀው ነበር። ስልኩንም ለእኅቱ ልጅ መለሰለት፤ ፍለጋው ከሁሉ የባሰው ነበርና።

እንዲህ ያለው እርዳታ የግድ የልዩ ሐኪም ሥራ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሆስፒታሎች በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት 444 በሽታ ፈሪዎች ተካፍለው፣ ከአምስት እስከ ዐሥር ጊዜ የሚሆን የውይይት ሕክምና ያገኙት ከሌሎቹ በበለጠ ተሽሏቸዋል፤ ከሕክምና ሰጪዎቹም መካከል የተሻለ ውጤት ያገኙት የሠለጠኑ ነርሶች ነበሩ። ይህን የምጽፈው የጤና ሠራተኞቻችን «ይህ ከአቅማችን በላይ ነው» እንዳይሉ ነው።

ለጉባኤ ሽማግሌዎችም አንድ ቃል አለኝ። ለዚህ ወንድም በቅን ልብ ብዙ ተደርጎለታል፤ ነገር ግን በየእሑዱ ፊት አቁሞ የበሽታውን ስም እየጠሩ መጸለይ ለእሱ ሌላ ኤም.አር.አይ. ሆኖበት ነበር፤ እስከ ማክሰኞ ያረጋጋዋል፤ ረቡዕ ይፈርሳል። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ «የእምነት ማነስ ነው» አሉት። በዚህም በሽታ ላይ በደል ተጨመረበት። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ ያመጣለት ተግሣጽ ሳይሆን እንጎቻና ውኃ እንደነበር፣ ከዚያም እንዲተኛ እንደተወው እናስታውስ። ሽማግሌዎቹ ይህን ከተነጋገሩ በኋላ ስለ ባቱ መጠየቃቸውን ትተው አጥር በማጠሩ ሥራ አብሯቸው እንዲሠራ ጠሩት፤ ጸሎቱንም ለቤተሰቡና ለዝናቡ አደረጉት። እኔ ከሰጠሁት ከየትኛውም ነገር ይህ ሳይበልጥ አይቀርም።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፏል። ባለፈው እህል ስናከፋፍል መጋዘኑ በር ላይ አግኝቼው፣ «ባትህስ?» ብዬ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለስኩት። እሱ ግን ገብቶት ሳቀ። «ዛሬም ይርገበገባል ሲስተር፤ ሥራ ስለበዛብኝ አላዳምጠውም» አለኝ። ሁለተኛውን በሬ ገና አልገዛም። ዘንድሮም መከናጆ ነው።

በጥናት ቡድናችሁ እነዚህን ተወያዩባቸው። በአካባቢያችሁ ሰዎች «ነርቭ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? እናንተስ በዚህ ቃል ምን ስትሉ ኖራችኋል? በቤታችሁ ወይም በጉባኤያችሁ ተመሳሳይ ጥያቄ ደጋግሞ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ፣ እስካሁን የመለሳችሁለት መልስ ስንት ቀን አሳርፎታል? የጤና ሠራተኞች የሆናችሁ ደግሞ፣ በሽታ ሳይኖር እንክብል የሰጣችሁት ለማን ነው? በምንስ ምክንያት?